የነነዌው በሬ

ባሌ መዋሸት አይችልም ነበር። ይህን ስናገር እሱን እያመሰገንኩ የሚመስለው ሰው አለ። ኧረ እያማረርኩ ነው! በደርግ ጊዜ ከማይዋሽ ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መኖር ምን እንደሆነ የሚያውቀው የኖረው ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ለነፍሱ ሲል ትንሽ ትንሽ ይዋሻል፤ ቀበሌ አዳራሽ ሲያጨበጭብ ውሎ ቤቱ ገብቶ ይራገማል። የእኔው ግን አያጨበጭብም፤ ቤቱ ገብቶም አይራገምም። ድምፁ ከእኔ ድምፅ ያንሳል። ከጋራዥ ሲመጣ ልጆቹን ከማቀፉ በፊት እጁን ደጋግሞ ይታጠባል፣ ጋዝ እንዳይሸታቸው ብሎ። እንዲህ ያለ ለስላሳ ሰው ነው። ከጠየቁት ግን ያለውን እንዳለ ነው የሚናገረው።

መጀመሪያ የታሰረውም በዚሁ ጠባዩ ነው። የጸሎት ቤታችን ታሽጎ፣ ምእመኑ ተበትኖ፣ በየሰዉ ቤት በድብቅ መሰብሰብ ከተጀመረ በኋላ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ አንድ አብዮት ጥበቃ መንገድ ላይ አስቆመውና፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ «አንተ ጴንጤ ነህ እንዴ?» ይለዋል። ሌላው ቢሆን «ምን በወጣኝ!» ብሎ፣ ስቆ ያልፋል። የእኔ ጌታ «አዎ፣ ነኝ» አለው። ጠያቂው ራሱ ደነገጠ ይባላል።

ከወራት በኋላ ሲፈታ ጫማ እግሩ አልገባ ብሎ በሸበጥ እያነከሰ መጣ። ውስጥ እግሩን ሳጥብለት እኔ አለቀስኩ፤ እሱ ደግሞ ውሃው ሞቅ ስላለ አመሰገነ። በማግስቱ የቀበሌው ሊቀመንበር እኔን አስጠርቶ፣ «ባልሽ ሁለተኛ ሰው ሰብስቦ ሲጸልይ ከተገኘ እኛ ዘንድ አይታሰርም። ወዴት እንደሄደ አትጠይቂን፤ እኛም አንነግርሽም» አለኝ። እንዲህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ትልቁ ልጄ ገና ትምህርት ቤት አልገባም፤ ትንሿ ጡት አልጣለችም።

ታዲያ ብዙ ሳይቆይ «ወንድሞችና እኅቶች እኛ ቤት ይምጡ» አይል መሰላችሁ!

«አብደሃል?» አልኩት። «ልጆችህስ? እኔስ?»

«ሌላው ሁሉ ቤቱን ከፍቷል። እኛ ስለ ፈራን ተራችንን አንለፍ።»

«እኔ ፈርቻለሁ! ፈሪ ነኝ፤ ለሁሉም ንገርልኝ!»

«እኔም ፈርቻለሁ እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ግን እግዚአብሔርን የበለጠ እፈራለሁ። ተስፋዬ ቀበሌው ቢሆን ኖሮ አንቺ ያልሽውን አደርግ ነበር።»

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? አኮረፍኩት። ኩርፊያ እንኳ በወጉ አይገባውም፤ «አሞሽ ነው?» እያለ ሻይ ያፈላልኛል። በመጨረሻ ተሸነፍኩ፤ ግን አንድ ቃል አስገባሁት። በተሰበሰብን ቁጥር ሰበብ ይኑረን፤ ድንገት ቢመጡብን የምንለው ነገር ይኑር አልኩት።

«ሰበቡ እውነት ከሆነ እሺ» አለኝ።

እንግዲህ ፈተናዬ እዚህ ላይ ጀመረ። ልደት ነው ካልን የምር የተወለደ ሰው ይኑር ነው የሚለው። የሁለቱ ልጆቻችን ልደት እያንዳንዱ አንድ ጊዜ አሰባሰበን። ከዚያ ልደት አለቀ። የእኛ ኅብረት ሰው አብዛኛው ከወለጋ፣ ከወላይታ፣ ከከምባታ የመጣ ነው፤ መቼ ተወለድክ ስትሉት «በቆሎው ሲያብብ» ይላችኋል። በቆሎ ባበበ ቁጥር ዳቦ ይቆረሳል? መዝሙሩን እንኳ አውሮፕላን ይሸፍንልን ነበር። ቤታችን ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጀርባ፣ ወደ ቡልቡላ በሚያወጣው በኩል ነው። በሹክሹክታ እንዘምርና፣ አውሮፕላን ሲነሣ ድምፃችንን እንለቀዋለን፤ ሲርቅ መልሰን እንውጠዋለን። ያን ጊዜ የዘመርኩትን ያህል ከልቤ ዘምሬ አላውቅም። ለሰው መሰብሰብ ግን ሽፋን አጣን።

መላውን ያመጡት ሽማግሌያችን ናቸው። ከወላይታ የመጡ አናጢ ናቸው፤ ቁመታቸው ረዥም፣ ትምህርታቸው ጥብቅ። «ቅርጫ እንግባ» አሉ። «ዓቢይ ጾም ሊገባ ነው፤ ሰው ሁሉ ለቅበላ በሬ አርዶ ይካፈል የለም እንዴ? ሰው ሳፋ ሳፋውን ይዞ ማልዶ ቢመጣ ማን ምን ይለዋል? ጸሎታችንን እናደርሳለን፤ በሬውን አርደን፣ ሥጋችንን ይዘን ወደየሥራችን እንሄዳለን።» ባሌ ፊቱ በራ። የምር በሬ ተገዝቶ የምር ሥጋ ከተከፋፈልን ውሸቱ የቱ ጋ ነው? ቀኑን ሰኞ አደረጉት፤ እሑድን የቀበሌው ስብሰባ ይወስድብናል።

እሑድ ከሰዓት ባሌ ቡልቡላ ወርዶ፣ ከገበሬዎቹ ጋር በኦሮምኛ ተጫውቶ፣ አንድ ቀይ ቦቃ በሬ ገዝቶ መጣ። በአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ዳር ሲመጡ አውሮፕላን አስደንግጦት፣ በሬው ባሌን እየጎተተው ነው ሰፈር የገቡት። በዚያ በሽተኛ እግሩ ሲሮጥ ሳየው ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ሮጬ ገመዱን አገዝኩት።

እዚህ ላይ ጎረቤቴን ካላነሣሁ ነገሩ አይገባችሁም። እትዬ ነው የምላቸው። እኔ ሙሽራ ሆኜ እዚያ ቤት ስገባ የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። በመካከላችን ባለው የእንጨት አጥር ላይ ቀዳዳ ነበረች፤ ፍም፣ በርበሬ፣ ልጅ፣ ወሬ በሷ ያልፋል። ያን ጊዜ እኔ ገና የባሌን እምነት አልተቀበልኩም፤ አንገቴ ላይ ማተብ አለ፤ እጾማለሁ። ታዲያ የጾሙን ቀን በቀዳዳዋ የሚነግሩኝ እትዬ ናቸው። «አንቺ! ፍልሰታ ነገ ይገባል!» «አንቺ! ነነዌ ሰኞ ነው፤ የዶሮውን ወጥ ዛሬ ጨርሱት!» እንዲህ ይጮኹልኛል። የራሴ እናት እንኳ እንደዚያ አታስታውሰኝም።

አንድ ልጅ ነበራቸው። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ እኔ ሰፈሩ ከመግባቴ በፊት፣ ከቤት ወስደው ገደሉት። ለቅሶ እንዳይቀመጡ፣ ጥቁር እንዳይለብሱ፣ ከል እንዳያስገቡ ተነገራቸው። አስከሬኑንም አልሰጧቸው። ይህን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው፤ በሹክሹክታ። እሳቸው ስሙን ሲያነሡ አንድ ቀን አልሰማሁም። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ አጎንብሰው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ አጎንብሰው ይመለሳሉ።

እኔ አምኜ ማተቤን የፈታሁ ዕለት እትዬ አዩኝ። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ብቻ ከሰዓት በኋላ የቀጋ እሾህ ተሸክመው መጡና ቀዳዳዋን ደፈኗት። «ማተብ ከሌለው ሰው ጋር ምን ቀዳዳ አለኝ» ሲሉ ከአጥሩ ወዲያ ሰማኋቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። ውሃ ቦኖ ጋ ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እኔም ምን በወጣኝ ብዬ አዞራለሁ። ግን ይከፋኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ይከፋኝ ነበር።

እና ያን ዓመት ነነዌ መቼ እንደሚገባ የነገረኝ ሰው የለም። ነነዌ ደግሞ እንደ ገና ቀኑ የታወቀ አይደለም፤ ከዓመት ዓመት ይዘዋወራል። ዓቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከች ይልና ሦስት ቀን ቆይቶ ይሄዳል። ወላይታና ወለጋ ተወልዶ ወንጌል ላይ ያደገ ሰው ነነዌን ከየት ያውቃል? ማወቅ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። እኔ ደግሞ ቀኑን የምቆጥረው በእትዬ አፍ ነበር።

ሰኞ ማለዳ ሰዉ ሳፋውን እየያዘ መጣ። ሳፋዎቹን ግቢው ውስጥ ደረደሩና ሁሉም ቤት ገቡ። በሬው ከምሰሶው ጋር ታስሮ ያመሰኳል። እኔ በር ላይ ተቀምጬ በሞረድ ቢላዋ እስላለሁ። ሥራዬ እሱ ነው፤ ቢላዋው ሲሳል ይጸለያል፣ ቢላዋው ዝም ሲል ውስጥ ያለው ሁሉ ዝም ይላል። ልጄን ጀርባዬ ላይ አዝያታለሁ።

ብዙም አልቆየ፣ አንድ አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ብቅ አለ። እዚያው ሰፈር ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። እጄ ቆመ።

«ምንድን ነው በማለዳ?» አለኝ።

«ቅርጫ ነው፤ ለቅበላ» አልኩት፣ አፌን ሞልቼ። የተለማመድኩት መልስ ነው።

በሬውን አየ፤ ቢላዋውን አየ፤ እኔን አየ። «ዛሬ?»

«አዎ፣ ዛሬ።»

«ዛሬ እኮ ነነዌ ነው» አለኝ።

ክው አልኩ!  ይሄ ልጅ እሑድ እሑድ አዳራሽ ቆሞ ስለ ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም የሚያነብልን ነው፤ የጾሙን ቀን ግን አሳምሮ ያውቃል። በማርክስ እየማለ ነነዌን ይጾማል! ያ ሰው ነው የያዘኝ።

«በነነዌ በሬ የሚያርድ ክርስቲያን አይቼ አላውቅም» አለ፣ ቃሉን እየጎተተ። «ሳፋው እዚህ ነው። ሰዎቹስ የት ናቸው?»

ከኋላዬ በሩ ተከፈተና ባሌ ወጣ። ሲያነክስ ሰማሁት እንጂ ዞሬ አላየሁም። ሌሎቹም ተከትለውት ወጡ፤ ሽማግሌውም። ልጁ ባሌን ሲያይ ወዲያው አወቀው። ቀበሌ ታስሮ ሳለ እሱም ዘበኛ ነበር።

«ምን ልታደርጉ ነው የተሰበሰባችሁ?» አለው።

መልሱን አውቀዋለሁ። «ልንጸልይ» ነው የሚለው። ከዚያ በኋላ ይወስዱታል፤ ወዴት እንደወሰዱት አልጠይቅም፣ አይነግሩኝም። ዞሬ አየሁት። ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ብቻ፣ ዛሬ ብቻ አፉን ዝጋልኝ አልኩ። ሊናገር ትንፋሹን ሳበ።

አጥሩ ተንኮሻኮሸ።

የቀጋው እሾህ ተገፋና እትዬ በቀዳዳዋ ሾልከው ብቅ አሉ። ነጠላቸው እሾህ ላይ ተይዞ ቀርቶ ራሳቸውን አልሸፈኑም፤ ክንዳቸው ተቧጭሮ ይደማል። እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

«ምን ትጠይቃቸዋለህ? እኔን ጠይቀኝ!» አሉት ልጁን። «በሬው የልጄ የተዝካር በሬ ነው። ሐሙስ፣ ጾሙ ሲፈታ፣ ይታረዳል። ሰዎቹን ዳስ ጣሉልኝ፣ እንጨት ፍለጡልኝ ብዬ የጠራኋቸው እኔ ነኝ።»

«የትኛው... የየትኛው ልጅዎ እማማ?»

«ስንት ልጅ ነበረኝ? አብራችሁ ኳስ ስትራገጡ ያደጋችሁት አይደለም? ቤቴ ገብተህ እንጀራዬን ስትበላ የነበርከው አንተ አይደለህም? ሰባት ዓመቱ ነው። አርባውን አላወጣሁለት፣ ሰማንያውን አላወጣሁለት፣ ሙት ዓመቱን አላወጣሁለት። ሰባት ዓመቱንም ከለከልከኝ?»

ልጁ ዓይኑን ሰበረ። ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረው። ግን ሥራው ሥራ ነው፤ ወደ ባሌ ዞረ።

«አንተ አትዋሽም ይባላል» አለው። «እኔም አይቼሃለሁ። ንገረኝ፤ በሬው የማን ነው?»

 በሬው ብቻ ያመሰኳል። ባሌ እያነከሰ ወደ ምሰሶው ሄደ፤ ገመዱን ፈታ፤ በሬውን እየሳበ መጣና ገመዱን በእትዬ በሚደማው እጅ ላይ አኖረው። ጣታቸውን በራሱ እጅ አጠፈላቸው። ከዚያ ዞረና፣

«የእሳቸው ነው» አለ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የእኛ ነበር። ገመዱን ሲጨብጡት የእሳቸው ሆነ። ባሌ አልዋሸም።

«እሺ» አለ ልጁ። «ሐሙስ መጥቼ አያለሁ።» ሄደ።

ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ አቀፍኳት። ባሌ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «እትዬ፣ የሚፈለጠው እንጨት የት ነው?» አላቸው። የጠሩን ለእንጨት ነው ብለዋል፤ እንግዲህ እውነት ይሁን ነው ነገሩ! ወንዶቹ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ተራ በተራ አጎንብሰው ገቡ፤ ወደ ሥራ እስኪሄዱ ድረስ ሲፈልጡ የምሣሩ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

«በነነዌ ዋሸሁ» አሉ እትዬ፣ ገመዱን እንደያዙ። «የንስሐ አባቴ ስንት ስግደት እንደሚሰጡኝ እንጃ።»

«አልዋሹም፤ ሐሙስ እውነት ይሆናል» አላቸው ባሌ።

ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ሐሙስ ልጁ መጥቶ ተዝካር ካላየ ሁላችንም አለቀልን። ተዝካር ደግሞ የእኛ ሰው የሚሸሸው ነገር ነው። ማታውን ሽማግሌው መጡና፣ «ለሙታን የሚደገስ ድግስ ላይ እጃችንን ማስገባት አንችልም፤ ትምህርታችን እንዲህ አይደለም» አሉ። ባሌ አንገቱን ደፋ፤ ያከብራቸዋል። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

«አባባ» አልኳቸው፣ «እርስዎ ቅርጫ እንግባ ባይሉ ያ በሬ አሁንም ቡልቡላ ሣሩን ይግጥ ነበር! እኒያ ሴትዮ ሰባት ዓመት ያመቁትን ልጃቸውን ለእኛ ሲሉ አደባባይ አወጡት። እኛ ምን እናወጣለን? ትምህርት?»

ባሌ «ቀስ» አለኝ። ቀስ አላልኩም። ሽማግሌው ደህና እደሩም ሳይሉ ወጡ፤ ያኔ በጣም አዘንኩ።

በማግስቱ ጠዋት መጋዛቸውንና መዶሻቸውን ይዘው መጡ። «እኔ ለሙት አልጸልይም» አሉኝ። «ለጎረቤት ግን አግዳሚ ወንበር እሠራለሁ።» በሁለት ቀን ውስጥ ዳሱ ሙሉ መቀመጫ ሠሩ፤ ከእትዬም ጋር ስለ እንጨት ሲጨዋወቱ ሰማኋቸው።

ሐሙስ ዳሱ ተጥሎ፣ በሬው ታርዶ፣ ወጡ ተሠርቶ ረፈደ። የእትዬ የንስሐ አባት ከሌላ ቄስ ጋር መጡ፤ ውስጥ ሆነው ጸሎታቸውን አደረሱ። ውጭ የእኛ ሰዎች ሥጋ ይከትፋሉ፣ ወጥ ያወጣሉ፣ ጠላ ይቀዳሉ። አንዲት ጎረቤት «እነዚህ አሳላፊዎች ምን ሆነው ነው አንድ ብርጭቆ የማይቀምሱት?» ስትል ሳቄን ዋጥኩ። መጀመሪያ ላይ ሰው አልመጣም ነበር። በየቤቱ በር ገርበብ ብሎ ያያል። ፈርቷል፤ ምን ይፈረድበታል? ከዚያ አንዲት አሮጊት መጣች። ቀጥሎ ሌላ። እኩለ ቀን ላይ የሽማግሌው ወንበሮች አልበቃ አሉ።

ልጁ ያን ጊዜ መጣ። ጠመንጃ አልያዘም። ዳሱ በር ላይ ሲቆም ጨዋታው ሁሉ ቀጥ አለ። ባሌ ወጭት ይዞ ነበር፤ ባለበት ቆመ። እኔ ያየሁት የባሌን እግር ነው፤ ያ እግር ዳግመኛ አይችለውም እያልኩ።

እትዬ ከቤት ወጡ። ጥቁር ለብሰው ነበር። ከራስ እስከ እግር ጥቁር፤ ሰባት ዓመት ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውት ኖሮ የታጠፈበት መስመር እንኳ አልለቀቀም። በእጃቸው የልጃቸውን ኮት ይዘዋል፤ የተማሪ ኮት፣ ክንዱ አጠር ያለ። መሀል ዳሱ ቆሙና ኮቱን ወደ ላይ አነሡት፤ ስሙን ጠሩ።

ስሙን ያኔ ነው ከአፋቸው የሰማሁት።

ከዚያ የወጣው ጩኸት የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር። ደረታቸውን እየመቱ፣ ቁመቱን፣ መልኩን፣ የሚወደውን ወጥ እየጠሩ አለቀሱ። ሰፈሩ በሙሉ ተነሥቶ አለቀሰ። ልጃቸው የተወሰደ ዕለት በራቸውን የዘጉት ሁሉ አለቀሱ። ሽማግሌያችን አግዳሚው ላይ ተደፍተው እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ። አውሮፕላን ተነሣ፤ በላያችን አለፈ፤ እሱ እንኳ የእትዬን ድምፅ አልሸፈነውም።

ልጁ ኮፍያውን አወለቀ። በሰዉ መሀል አልፎ ሄደና እትዬ እግር ሥር ወድቆ፣ «እግዚአብሔር ያጥናዎት እማማ» አለ። እኔ እሰጋ ነበር ይረግሙታል ብዬ። እትዬ በእንባቸው ውስጥ ሆነው ራሱን ዳበሱት፤ ከዚያ ወደ ባሌ ዞረው፣ «አብላው፤ ከነነዌ ጀምሮ አልበላም» አሉት። ባሌ ሄዶ እንጀራ አቀረበለት። ልጁ እያለቀሰ በላ። ስለ እኛ ስብሰባ ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ቃል አልጠየቀም። ባሌም ዳግመኛ አልታሰረም።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ከእትዬ ጋር ሳህን ስናጥብ የሚከነክነኝን ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ ጠልተውን አልነበረም እንዴ? ለምን ገቡልን?»

«ጴንጤነታችሁንማ አሁንም አልወደውም» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ያ አውሮፕላን ሲሄድ የምትጮኹት ጩኸት ራሱ ስንት ጊዜ እንቅልፌን ነሥቶኛል! የማልሰማችሁ ይመስላችኋል?»

«እና?»

አንድ ሳህን ውሃው ውስጥ ነከሩ። «ልጄን ሲወስዱት ጮኬ ነበር። ይህ ሰፈር በሙሉ ሰማኝ። አንድ በር አልተከፈተም። ሰኞ ጠዋት የዚያን ልጅ ድምፅ በአጥሩ ስሰማ፣ ባልሽን ሊወስዱት ነው፣ እኔም ደጄን ልዘጋ ነው አልኩ። እግዜር ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ?» ከዚያ ሳህኑን አቀበሉኝና፣ «በደንብ አድርቂው» አሉኝ።

አቅፌያቸው አለቀስኩ። እኔ ቅድስና ከአጥሩ ወዲህ፣ እኛ ጋ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ዐሥር ቀን ገደማ አለፈ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ቁርስ ሳበላ፣ ባሌ ደግሞ ጥግ ይዞ ጫማውን ሲለካ፣ እግሩ ገብቶለት ነበር መሰለኝ ፊቱ ፈገግ ብሏል፣ ከአጥሩ በኩል ያ የማውቀው ጩኸት መጣ። እሾሁ ከተነሣ ወዲህ ቀዳዳዋን መልሶ የደፈናት አልነበረም።

«አንቺ!» አሉ እትዬ። «ዓቢይ ጾም ሰኞ ይገባል! ደግሞ በሬ ጎትታችሁ እንዳትመጡ፤ የተረፈኝ ሌላ ልጅ የለም!»

ባሌ ሳቀ። እኔ ጉርሻው እጄ ላይ እንዳለ ወደ ቀዳዳዋ ሮጥኩ።

«አለዎት እትዬ» አልኳቸው። «እኛ አለን።»